ጎንደርና ውሃዋ፦ ስለ ጎርጎራ ወደብ፣ ስለ ታንኳና ስለ ፋሲል መዋኛ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ሲባል ለሰው ቶሎ የሚመጣለት ግንብ ነው። እንግዳ ሲመጣብንም ፋሲል ግንብን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን አሳይተን፣ ማታ አዝማሪ ቤት ወስደን እንሸኘዋለን። ወደ ጣና የሚወርደው ጥቂቱ ነው። የግንቡ ታሪክ የተጀመረው ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። ጎርጎራን ሳያይ የተመለሰ ሰው ጎንደርን በግማሽ አይቷል ብል የከተማዬ ሰዎች አይቀየሙኝም። ከታች ያሉት ከዘመድም ከእንግዳም አፍ የማይጠፉ ጥያቄዎች ናቸው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጎንደር ባሕር የላትም። ወደብ የምትሉት የቱን ነው?

ጎርጎራን ነው። ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአዘዞ በኩል ወጥታችሁ፣ የደምቢያን ሜዳ ይዛችሁ፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፋችሁ ጣና ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ያለው ውሃ ነው። የሐይቁ ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ማዶው አይታይም፣ ማዕበልም አለው። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ከባሕር የሚለየው ጨው ስለሌለው ብቻ ነው።

ነገሥታቱ ሐይቁን ከወደዱት ከተማቸውን ለምን ዳሩ ላይ አልሠሩም?

ሠርተው ነበር እንጂ! አፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጉዛራ ላይ ግንብ አሠሩ። እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ደግሞ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ በኋላ ወደ ደንቀዝ ወጡ። ልጃቸው አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከተማ አደረጓት።

አባቶች የሚሉት ሌላ ነው። መናገሻው ስሙ በ«ጎ» የሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበረ፣ ነገሥታቱም ጎርጎራንና ጎመንጌን ሲሞክሩ ቆይተው ጎንደር ላይ አረፉ ይባላል። ፋሲል ጎሽ ሲያባርሩ ቦታውን አገኙት የሚልም አለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ለልጆች ንገሩት።

ለእኔ ግን ምክንያቱ ደምቢያ ላይ አንድ ክረምት ለከረመ ሰው ግልጽ ነው። ሐይቁ ዳር ወባ አለ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ረግረግ ይሆናል። ጎንደር ከፍ ያለች ናት፤ ከሐይቁ በ300 ሜትርና ከዚያ በላይ ትበልጣለች። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ስለተቀመጠች ውሃውም ቅርቧ ነው፣ ለጠላትም አትመችም። የሱዳን፣ የቀይ ባሕርና የጎጃም የንግድ መንገዶች የሚገናኙትም እሷ ዘንድ ነው። የደምቢያ እህልና የጣና ዓሣ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ነገሥታቱ ከሐይቁ አልሸሹም። ከወባው ነው ከፍ ያሉት።

ጎርጎራ ላይ በትክክል ምን አያለሁ?

ከተማዋ ትንሽ ናት። ትልቅ ነገር ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ትከፋላችሁ። ትንሽ ስትቆዩ ነው የምትገባችሁ።

ሐይቁ ዳር ደብረ ሲና ማርያም አለች። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ገዳሟ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል። የመቅደሱ ግድግዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ተሸፍኗል። ሥላሴ ሄዳችሁ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ካያችሁ በኋላ እዚህ ብትመጡ፣ የጎንደር ሥዕል በመጀመሪያው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ትረዳላችሁ። ቀለሙ ጥቂት፣ መስመሩ ጠንካራ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ። ለእኔ ከሥላሴው ያልተናነሰ ነው፤ የሚያየው ሰው ግን በጣም ያነሰ ነው።

ከዚያ የጣሊያን ዘመን ወደብ አለ። የመርከብ መጠገኛው፣ የቆሙ አሮጌ ብረቶች፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ፋሺስቶቹ የተከሉት ሐውልት። ከሐውልቱ ይልቅ ከእሱ አጠገብ ሆኖ የሚታየው ሐይቅ ያምራል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ትልቅ ሪዞርት ተሠርቷል። ኪሱ ለሚፈቅድለት ማደሪያው ምቹ ነው። ላልፈቀደለትም ደብረ ሲናና ወደቡ ደርሶ መልስ ይበቃሉ።

ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ የት ነው? የሠሩትስ ፖርቱጋሎች ናቸው?

ማርያም ግንብ ከዛሬዋ ጎርጎራ በስተምዕራብ፣ ወደ ውሃው የገባ ምድር ላይ ነው። በጀልባ መሄዱ ይቀላል። የሱስንዮስ ግንብ የሚሉትም አሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ይህ ፍርስራሽና ጉዛራ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ አካል ናቸው። መዝገቡ የከተማውን አጥር ግቢ ብቻ የያዘ አይደለም።

ማን ሠራው ለሚለው መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል። ጎርጎራ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማዕከል ነበረች። ከእነሱ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ፔድሮ ፓኤዝ ነው፤ ዜግነቱ ስፔናዊ ነው እንጂ ፖርቱጋላዊ አይደለም። የመጣበት መንገድ ራሱን የቻለ የባሕር ታሪክ ነው። ከሕንድ፣ ከጎዋ፣ የአርመን ነጋዴ መስሎ በ1589 ተነሣ። በዓረብ የባሕር ዳርቻ ተያዘ፤ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ምርኮኛ ሆኖ ቆየ። መርከብ ቀዛፊ ባሪያ ሆኖ የሠራበት ጊዜም ነበረ። ተቤዥቶ ጎዋ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ሞከረና በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን የመጀመሪያው ይበቃው ነበር።

ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። ለንጉሡ ጎርጎራ ላይ በድንጋይና በኖራ ቤት አሠራ። በ1618 ከሱስንዮስ ጋር ግሽ ዓባይን አየ። በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ዛሬ ማርያም ግንብ የምንለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከእሱ ሞት በኋላ፣ በ1620ዎቹ ነው። ስለዚህ አስጎብኚ «ይህንን ፓኤዝ ነው የሠራው» ሲላችሁ ጨዋ ሆናችሁ ስሙት፣ ግን አትጻፉት። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦችና ክቦች የአውሮፓንም የሕንድንም እጅ ያሳያሉ። ድንጋዩን የተሸከመውና የጠረበው ግን የአገሩ ሰው ነው። ያንን መዘንጋት ልማድ ሆኗል።

ሱስንዮስ ሃይማኖቱን በአዋጅ ወደ ካቶሊክ ሲለውጡ አገሩ ተነሣባቸው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ። ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ጎርጎራ ጸጥ አለች፣ ጎንደር ተነሣች። የግንብ አሠራሩ ጥበብ ግን አብሮ አልተባረረም። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ኮረብታው ወጣ።

ታንኳን ማን ይሠራዋል? እውነት ከሣር ነው?

ከደንገል ነው። ደንገል ሐይቁ ዳር ረግረጉ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው፤ የጥንት ግብፆች ወረቀት ያደረጉት ያው ነው። ይታጨድና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ አንዱ ከሌላው ጋር ይሰፋል፤ ፊቱ ወደ ላይ ይቆለመማል። ምስማር የለም፣ ሬንጅ የለም። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል፣ ሰውም ዕቃም የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ጥልቀት በሌለበት በረጅም እንጨት እየተገፋ፣ ገባ ሲል እየተቀዘፈ ይሄዳል።

ታንኳ ውሃ ይገባዋል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ ድሮም ውሃ እንዳይገባ ተብሎ አልተሠራም። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ጉዳቱ እየዋለ ሲያድር ውሃ መጠጣቱና መክበዱ ነው። ለዚህ ነው ዳር ዳሩን ቆመው የሚደርቁ ታንኳዎች የምታዩት። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ወጪው ጉልበት ብቻ ስለሆነ ማንም አያለቅስለትም።

በዚህ ጥበብ ስማቸው የሚነሳው ነገደ ወይጦ ናቸው። ጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ የኖሩ፣ ሐይቁን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ሰፌድና ቅርጫት ይሠራሉ። ዛሬ ሙስሊሞች ናቸው፣ ቋንቋቸውም አማርኛ ነው። ጎረቤቱ ግን ለረጅም ዘመን አግልሏቸዋል፤ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። ታንኳውን ቅርሳችን ብለን ፎቶ እያነሣን የሠራውን ሰው ማሸማቀቅ አብሮ አይሄድም። ቢያንስ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ሥራውን ካሳያችሁም ክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ሲነሣ፣ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ነው። ግብፅ ወስዶ ራ የተባለችውን መርከብ አሠራበት። ራ ከሞሮኮ ተነሥታ ካሪቢያን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ፈረሰች። በዓመቱ፣ በ1970፣ ራ 2 እንደገና በኢትዮጵያ ደንገል ተሠራችና በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ የጎንደር ልጅ ስንት ነው?

እኔ ታንኳ ላይ ልሳፈር?

ዳር ዳሩን፣ ጠዋት፣ ከባለቤቱ ጋር ከሆነ አዎ። ልብሳችሁ ይረጥባል፤ ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ። ወደ መሀል ግን በሞተር ጀልባ ነው እንጂ በታንኳ አትሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ለለመደ ሰው እንጂ ለእንግዳ አይሆንም። ጉማሬም አለ። በሞተር ጀልባ ስትሄዱ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳታዩ እግራችሁን አታንሡ። «እኛ እዚህ ተወልደን አድገን አንድም ቀን…» ቢሏችሁም።

ከጎርጎራ ባሕር ዳር በመርከብ መሄድ ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

ለብዙ ዓመታት ይቻል ነበር፣ በጣም የታወቀ ጉዞም ነበር። መርከቧ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌን፣ ደቅን እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግስቱ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ከዚያ ትመለሳለች፤ ልማዷ ይህ ነበር። ሰው፣ በርበሬ፣ ጌሾ፣ ቡና፣ ፍየል፣ ሁሉም አብሮ ነው። ፈጣን አልነበረችም። ደግሞ ማን ቸኮለ?

ይህን መስመር በሞተር መርከብ ያጠናከሩት ጣሊያኖች ናቸው። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጎንደር የአማራ ለሚሉት ግዛታቸው ዋና ከተማ ነበረች። ፒያሳ ያለው ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የዚያ ዘመን ነው። ለዚያች ከተማ ዕቃ የሚያቀብል የሐይቅ ወደብ አስፈለጋቸውና ጎርጎራን አደረጉ። በ1941 በኅዳር ወር የምሥራቅ አፍሪካው ጣሊያን የመጨረሻ ትልቅ ጦር እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። መርከቦቹና ወደቡ ግን ቀሩ፣ እኛም ተጠቀምንባቸው።

በቅርቡ ደግሞ ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭና፣ ተራራ ወጥታ ወርዳ፣ ጣና ደርሳለች። የመንገዱ ቪዲዮ ስንት ሰው ስልክ ላይ ዞረ! መነሻ ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ባሕር ዳርም ሆነ ጎርጎራ ወደብ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሰው የነገራችሁን ፕሮግራም ይዛችሁ አትነሡ።

የጎንደር ነገሥታት ደሴቶቹ ላይ ነው የተቀበሩት?

ብዙዎቹ አዎ። ይህ ነው የጎንደርንና የጣናን ትስስር በደንብ የሚያሳየው። ግንቡ ለኑሮ፣ ደሴቱ ለሞት።

አፄ ፋሲል ራሳቸው ያረፉት ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። አፄ ይኩኖ አምላክ፣ አፄ ዳዊትና አፄ ዘርዓ ያዕቆብም እዚያ እንዳሉ ገዳሙ ይናገራል፤ አፅማቸውም በሣጥን ተቀምጦ ይታያል። የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ምጽርሐ ደሴት ላይ ናቸው።

ምጽርሐ የበለጠ የሚያሳዝን ታሪክም አላት። ታላቁ ኢያሱ፣ ያ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የሠራው፣ በ1706 ታመመና ወደ ጣና ደሴት ገባ። ጎንደር ላይ ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡት። ልጁም አባቱን አስገደለው። ሬሳውን ወደ ምጽርሐ ወስደው ቀበሩት። ጎንደሬ ኢያሱን አድያም ሰገድ ብሎ እስከ ዛሬ ያነሣዋል፤ መቃብሩን ያየው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

እቴጌ ምንትዋብም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቁስቋምን አይታችሁ ናርጋን ብታክሉ የአንዲት ሴት ሥራ ሁለት ጫፉ ይገናኝላችኋል።

ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ጦርነት በመጣ ቁጥር የአገሩ ታቦት፣ መጽሐፍና ዘውድ ወደ ውሃው ይሻገር ነበር። ስለዚህ ነው ሌላ ቦታ የተቃጠለው እዚህ የተረፈው።

ሴቶች ገዳማቱ ይገባሉ?

ሁሉም ጋ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ደብረ ሲናና ናርጋ ይገባል። ለሌሎቹ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ባለጀልባው ገንዘቡን ተቀብሎ እናንተ ዳር ቁጭ ብላችሁ ወንዶቹን እንድትጠብቁ እንዳይሆን። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሡ።

ጎንደርና ቀይ ባሕርስ ምን አገናኛቸው?

ምጽዋ ሩቅ ናት፤ በዚያ ዘመን ቅፍለት ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ጎንደር ግን ያለ ምጽዋ ጎንደር አትሆንም ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ባሪያም ጭምር ከዚህ ይወጣል። ሐር፣ መስታወት፣ ምንጣፍ፣ ጠመንጃ ከዚያ ይገባል። ሌላው መንገድ በመተማ በኩል ወደ ሱዳኗ ስናር ነው። ይህን ንግድ የሚያንቀሳቅሱት አብዛኞቹ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 በየሃይማኖቱ ሰፈር ለይታችሁ ተቀመጡ ብለው ሲያውጁ፣ ነጋዴዎቹ ከከተማው በታች፣ ቀሃ ዳር ሰፈሩ። አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ነው። ስለዚህ የጎንደርን የባሕር ንግድ ቅርስ የሚፈልግ ሰው ግንቡ ውስጥ ብቻ አይፈልግ። አዲስ ዓለም ወርዶ ይዙር።

አፄ ፋሲልም ምጽዋ ምን እንደሆነች በደንብ ያውቁ ነበር። ሚሲዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ሹማምንት ጋር ተዋውለው፣ የሚመጡት እዚያው እንዲያዙ አደረጉ። ተራራ ላይ ተቀምጠው የባሕር በር ዘጉ። በ1769 ምጽዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ጎንደር የገባው በ1770 መጀመሪያ ነው።

ወደ ጎርጎራ ለመሄድ ጊዜ የለኝም። ከተማው ውስጥ ምን ላይ?

የፋሲል መዋኛን። ከግቢው ወጥታችሁ ቁልቁል ወደ ቀሃ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ትልቅ ገንዳ፣ መሀሉ ላይ በቅስት የቆመ ግንብ፣ ዙሪያውን የድንጋይ አጥር። የዛፎቹ ሥር አጥሩን አቅፎ ይዞታል፤ ዛፉ ቢቆረጥ አጥሩ ይፈርሳል፣ ዛፉ ቢያድግም ይፈርሳል። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ ይገባል።

ልብ በሉ፣ በአብዛኛው ዓመት ገንዳው ደረቅ ነው። «ውሃው የት አለ?» ብለው የሚናደዱ አሉ። የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ከከተራ ጀምሮ ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፣ ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ይባረካል፣ ወጣቱም ዘሎ ይገባል። በ2019 ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለበዓሉ ከመጣችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ሳይሞላ ቦታ ያዙ፤ ማደሪያ ደግሞ ከወራት በፊት።

አዘዞ ያለው ገነተ ኢየሱስም አለ። የሱስንዮስ ዘመን ነው፤ ከአጠገቡ በግንብ የተሠራ የአትክልት ቦታ ገንዳ ነበረው። የቀረው ፍርስራሽ ነው፣ ግን ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ በረራ ለሚጠብቅ ሰው ይመቻል። ከፋሲል መዋኛ በፊት የንጉሥ ገንዳ እዚህ እንደነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

መቼ ልምጣ? መንገዱስ ሰላም ነው?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ያምራል። ሐይቁ ሞልቶ ይቆያል፣ ደምቢያ አረንጓዴ ነው። ግንቦት ላይ ውሃው ይሸሻል፣ ዳሩ ጭቃ ይሆናል፣ ጀልባም መጠጊያ ይቸግረዋል። ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው ግን በጋውን ይምረጥ።

ስለ ሰላሙ በግልጽ ልናገር። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የነበረው ግጭት መንገዱን ያዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ላይሆን ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ። ጎርጎራ የደረሳችሁት በማለዳ፣ የተመለሳችሁትም ከ10 ሰዓት በፊት ይሁን። «ችግር የለም» የሚል መልስ ብቻ አይበቃም፤ «ትናንት ሄደህ ነበር?» በሉት።

ጎርጎራ ላይ ምን ይበላል?

ዓሣ ነዋ! ቆሮሶ በብዛት አለ፣ ጥብሱም ጉላሹም ይጥማል። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ ሰው አይወደውም። ነጭ ዓሣ የሚሉት የጣና የራሱ ዘር ነው፤ ከ15 በላይ ዓይነት አለው፣ ብዙዎቹም ከጣና በቀር የትም የሉም። እነዚህ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው አጥማጅ ዘራቸውን ነው የሚጨርሰው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣ አትዘዙ፤ ቆሮሶ ይበቃል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይ የሚለውን ደግሞ ለየንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ የለሁበትም።

እንቦጩ አለቀ?

ሐይቁን የወረረው ይህ አረም አላለቀም። መጀመሪያ የታየው በ2004 ዓ.ም. በእኛው በኩል፣ መገጭ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አካባቢ ነው። ገበሬው በእጁ ነቀለ፣ ተማሪው ነቀለ፣ ማሽንም መጣ። ይቀንሳል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሶ ይስፋፋል። በወፍራሙ የያዘው ቦታ ላይ ታንኳ አይቀዝፍም፣ የጀልባ ሞተርም ይታነቃል፣ ደንገሉም ቦታ ያጣል። ጀልባ ስትከራዩ በየትኛው በኩል እንቦጭ እንዳለ ባለጀልባው ያውቃል፤ መንገዱን እሱ ይምረጥ፣ እናንተ አታስገድዱት።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘትስ?

ቢልሃርዚያ አለ። አትዋኙ።

ከማርያም ግንብ የተቀረጸች ትንሽ ድንጋይ ለማስታወሻ ብወስድስ?

ወንጀል ነው፣ ነውርም ነው። የግንቡ ጉልላት ፈርሷል፣ ጌጡም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ለማስታወሻ የደንገል ታንኳ በትንሹ ተሠርቶ ይሸጣል፤ እሱን ግዙ። ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ።